የእኩያ ምክርና የቤተሰብ ማእድ

ወጣት ከአባቱ የሚሰማው ቃል ትእዛዝ፣ ከመምህሩ የሚሰማው ትምህርት፣ ከእኩያው የሚሰማው ግን ጨዋታ ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በልቡ ተተክሎ የሚቀረው በጨዋታ የገባው ነው። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአቻ ለአቻ ትምህርት የሚባለው ሥራ የተመሠረተው በዚሁ እውነት ላይ ነው። ከተማሪዎች መካከል ጥቂቶቹ ተመርጠው ይሠለጥናሉ፤ እነርሱም በተራቸው ጓደኞቻቸውን በክበብና በመኝታ ቤት ሰብስበው ያወያያሉ። ይህ ዘዴ በይበልጥ የታወቀው ሕዝቡን ከኤድስ በሽታ ለማስጠንቀቅ ሲሆን፣ ስለ ሴቶች ክብርና ስለ ሰዎች እኩልነት ለማስተማርም የተመቸ ነው።

በወላይታ ምድር የዚህ ሥራ ጥቅም ይልቁንም ይጐላል። ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለአረካ፣ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ቅርቧ ነው። በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የገበሬ ልጅና የሸክላ ሠሪ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ በአንድ አዳራሽ ይመገባሉ። በሀገር ቤት ግን ጪናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ እንዲሁም ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች ከሌላው ጋራ እንዳይጋቡ፣ በማእድም እንዳይቀላቀሉ ልማድ ሲከለክላቸው ኖሯል። ወጡ የሚሠራበት ድስት፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና ከእነርሱ እጅ የወጣ ነው። ታዲያ ዕቃውን ወደ ጓዳ አስገብቶ፣ ሠሪዋን በደጅ ማስቀረት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ፣ የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ25ኛው አንቀጽ፣ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑንና በትውልዱ ምክንያት ልዩነት ሊደረግበት እንደማይገባ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ዐዋጅ በአደባባይ ይነገራል፤ ጋብቻ ግን በጓዳ ይመከራል፤ ንቀትም የሚሸሸገው እዚያው ነው። ዳኛ ሊገባበት ከማይችለው ከዚህ ስፍራ፣ የተማረ ልጅ ያለ ፈቃድ ይገባል።

ተማሪ ሕዝብን ሲያስተምር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው አንድ ዓመት እንዲያገለግሉ ሥርዓት ተደርጎ ነበር። የዛሬው ሥራ ግን መንገዱ ረጅም ሳይሆን ጠባብ ነው፤ ከጓደኛ አልጋ እስከ ወላጅ ማእድ ድረስ ነውና።

ስለዚህ የሥራው ፍጻሜ ያለው በወላጆች እጅ ነው። ወጣቱ ለጊፋታ በዓል ወደ ቤቱ ተመልሶ የተማረውን ሲናገር፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ዝም የሚያሰኘው አባት፣ የአንድ ዓመት ትምህርት በአንድ ቃል ያፈርሳል። ልጁም ሁለት ልብ ይዞ ይኖራል፤ በትምህርት ቤት እኩልነትን ይሰብካል፣ በቤቱ ግን ጓደኛውን ለመጥራት ያፍራል። የተጠላው ጓደኛም ነገሩን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ባልንጀራውን ይዞ ወደ ቤታችሁ በመጣ ጊዜ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ከማለታችሁ በፊት እጁን አስታጥቡት፤ ከገበታውም አቅርቡት። ከበላ በኋላ ምን እንደሚማር ጠይቁት። ከዚህ የበለጠ ትምህርት በማንኛውም አዳራሽ አይሰጥም።