ከበሩ እስከ መድረኩ፦ ተሽከርካሪ ወንበር በሙዚቃና በቴአትር አዳራሽ



ንግግሬን በአንድ ምሽት ትዝታ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጋር ወደ አንድ የሙዚቃ ዝግጅት ሄጄ ነበር። የአዳራሹን ስም አልጠራም። ተማሪዬ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። መግቢያው ላይ ዘጠኝ ደረጃዎች ነበሩ። አራት ወጣቶች ማንም ሳይጠራቸው ሮጠው መጡ፤ «አይዞሽ እህቴ» አሉና ከነወንበሯ አንሥተው አስገቧት። እኔም አመሰገንኋቸው፤ በወገኖቼ ደግነትም ኮራሁ።

ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ለእርሷ ወንበር የተተወ ቦታ አልነበረም። በረድፉ ዳር፣ በመተላለፊያው ላይ ቆመች። አስተናጋጁ መንገድ ተዘጋ ብሎ ወደ ኋለኛው ግድግዳ አዛወራት። አብሬያት ለመሆን ብጠይቅ በዚያ በኩል መቀመጫ የለም ተባልሁ። እርሷም «ግድ የለም መምህር፣ እርስዎ ቦታዎ ይሂዱ» አለችኝ፤ ሄድሁ። መሄዴን ዛሬም አልወደውም። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀመር ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ ይጨፍር ጀመር። ስንወጣ እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት። «ድምፁን ሰምቻለሁ መምህር፤ ያየሁት ግን የሰው ጀርባ ነው» አለችኝ።

ያ ምሽት ያስተማረኝ፣ ስለ ተደራሽነት ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ በር ብቻ መሆኑን ነው። በሩ የጉዳዩ መጀመሪያ ነው። አንድ ሰው የቴአትር ወይም የሙዚቃ ታዳሚ የሚሆነው መድረኩን ሲያይ፣ ከወዳጁ ጎን ሲቀመጥ፣ ተራው ሲደርስም መድረኩ ላይ መውጣት ሲችል ነው። የእኛ ደግነት ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ የሕንፃውን ጉድለት ይሸፍናል። ተሸካሚ እስካለ ድረስ ደረጃው ችግር መስሎ አይታይም።

ሕጉ ምን ይላል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል፤ ስለ መጸዳጃ ቤትም እንዲሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን አገራችን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 ቴአትርንና ሲኒማን በስም ይጠራል። ከዚያም አልፎ አካል ጉዳተኞች የፈጠራ ችሎታቸውን የማዳበርና የመጠቀም ዕድል እንዲያገኙ ያዛል። ስለዚህ ጉዳዩ የተመልካች ብቻ ሳይሆን የተዋናይም ነው።

ይሁን እንጂ መርሕና ልኬት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልኬቱን ለማየት እስከ አሜሪካ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ነገሩ በሴንቲሜትር ተጽፎ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈትኗል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ ኤም.ሲ.አይ. ሴንተር የተባለ ትልቅ የስፖርትና የሙዚቃ አዳራሽ ሲገነባ፣ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ክስ መሠረተ። የክሱ ጭብጥ በር አልነበረም፤ በሮቹ ሰፊ ነበሩ። ጭብጡ ሕዝቡ በሚነሣበት ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰው ምን ያያል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ ለተሽከርካሪ ወንበር ከተመደቡት ቦታዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በቆሙ ተመልካቾች አናት ላይ አሻግረው የሚያሳዩ መሆን አለባቸው የሚለውን ውሳኔ አጸና። ይህን ፍርድ ባነበብሁ ቁጥር ያቺ ተማሪዬ ትታወሰኛለች፤ የእርሷ ቅሬታ ነው በሕግ ቋንቋ የተጻፈው።

ነገሩ ተራ ጂኦሜትሪ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.20 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከፊቱ የቆመው ሰው ግን 1.70 ሜትር ቢሆን የግማሽ ሜትር ልዩነት አለ። ስለዚህ ቦታው ከፊት ካለው ረድፍ በዚያው መጠን ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ የተገኘው የማቆሚያ ቦታ እንጂ የመመልከቻ ቦታ አይደለም። በእኛ አገር ይህ ጉዳይ ይብሳል። በቴአትር ላይ ተቀምጠን የምናጨበጭብ ሰዎች፣ ዘፈን ሲመጣ እስክስታ ሳንወርድ አንቀርም። አዳራሹን የሚነድፍ መሐንዲስ የታዳሚውን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የአሜሪካ መመዘኛ መሠረት 300 መቀመጫ ያለው አዳራሽ 5፣ 500 ያለው 6፣ 1,000 ያለው ደግሞ 10 የተሽከርካሪ ወንበር ቦታዎች ያስፈልጉታል። አንዱ ቦታ ለብቻው ከሆነ ስፋቱ ቢያንስ 91 ሴንቲሜትር ነው፤ ርዝመቱ ከፊት ወይም ከኋላ የሚገባበት ከሆነ 122፣ ከጎን የሚገባበት ከሆነ 152 ሴንቲሜትር። ከእያንዳንዱ ቦታ ጎን አብሮ ለመጣ ሰው መቀመጫ ይኖራል። በትልልቅ አዳራሾች ቦታዎቹ በአንድ ጥግ አይታጎሩም፤ ተመልካቹ እንደማንኛውም ሰው መምረጥ እንዲችል ይበተናሉ። ዋጋቸውም በዚያው ክፍል ካሉት ሌሎች መቀመጫዎች መብለጥ የለበትም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የጎን መቀመጫው ነው። ቴአትር ብቻችንን የምናየው ጥበብ አይደለም፤ ሳቁም ሐዘኑም ከጎን ያለውን ሰው በክርን ጎሸም ማድረግ ይፈልጋል።

አሁን ወደ መድረኩ እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሊ ስትሮከር «ኦክላሆማ!» በተሰኘው ሙዚቃዊ ተውኔት ባሳየችው ትወና የቶኒ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ተዋናይት ሆነች። ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደው በኒው ዮርክ፣ በታዋቂው ሬዲዮ ሲቲ ሙዚቃ አዳራሽ ነበር። ከታዳሚው መካከል ወደ መድረኩ የሚያወጣ ተዳፋት ስላልነበረ፣ ስሟ ሲጠራ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የወጣችው። ሌሎቹ ከወዳጆቻቸው መካከል ብድግ ብለው ሲሄዱ እርሷ ተለይታ መጠበቅ ነበረባት። ሀብታም አገር፣ ዝነኛ አዳራሽ፣ ጥብቅ ሕግ፤ ያም ሆኖ አንድ ተዳፋት ጎደለ።

ባለሙያዎች ራምፕ የሚሉት ይህ ተዳፋት መወጣጫ ቀላል የሒሳብ ሕግ አለው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። አንድ ሜትር ከፍታ ላለው መድረክ በመሐል ካለው ጠፍጣፋ ማረፊያ ጋር 13.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ይህን ርዝመት የሚያስተናግድ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ በንድፉ ጊዜ ግን መስመር ማስመር ብቻ ነው። ቦታ ካልተገኘ አነስተኛ ማንሻ ሊተካው ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ ይታሰብበት።

«ገንዘብ የለም፤ አዳራሾቻችን አሮጌ ናቸው» የሚል መልስ እሰማለሁ። እውነትነት አለው። ነገር ግን ጥቂት መቀመጫዎችን ፈትቶ ማንሳትና ወለሉን በእንጨት ከፍ ማድረግ፣ ትኬት ሻጩም በቅድሚያ እንዲጠይቅ ማሠልጠን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የመሸከም ልማዳችን ግን መፍትሔ ተደርጎ መቆጠሩ ይቅር። በባትሪ የሚሠራ ተሽከርካሪ ወንበር ለብቻው ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሲነሣም ሰው ሊወድቅ፣ ወገብ ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉም በላይ ሲያስገቡ የነበሩት አራት ወጣቶች፣ እሳት ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ በሩ ሲሮጥ የት እንደሚሆኑ ማንም አያውቅም።

ይህን የምናገርበት መድረክ ከወለሉ በአራት ደረጃዎች ከፍ ይላል፤ ስወጣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ የሥነ ሕንፃና የቴአትር ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆናችሁ የዚህን አዳራሽ በሮች፣ ረድፎችና ደረጃዎች ለክታችሁ ትጽፋላችሁ። ሜትሩ እኔ ጋ አለ።