«ጉልበት ያለው ይፈታዋል»፦ አልፈታ ስለሚል ብሎን የሚነገረውና እውነታው

ከመኪና ሥር ያለ ብሎን ዕድሜውን የሚገፋው ከጭቃ፣ ከውሃና ከአቧራ ጋር ነው። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከአፍዴራ ጨው ጭኖ የሚመላለስ ከባድ መኪናም ሆነ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው በሚበተንባት ሚኒሶታ የሚነዳ የኢትዮጵያዊ ቶዮታ ዕጣቸው አንድ ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ብረቱ ቶሎ ይበላል። እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ አንድ ዳዶ የግማሽ ቀን ሥራ ሊፈጅ ይችላል። በዙሪያው የቆመው ሁሉ ምክር የሚያዘንበውም ያኔ ነው። ከምክሩ ከፊሉ ትክክል ነው፤ ከፊሉ ግን ብሎን ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል።

ተረት 1፦ «ዋናው ጉልበት ነው፤ ቧንቧ ቀጥልበት»

ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከበላው ብረት እጅግ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለችውን ክፍተት ሞልቶ ይጠረቅማታል። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሲቀጠል ዝገቱን የሚያላቅቀው ኃይል ይጨምራል፤ ብሎኑን የሚጠመዝዘውም አብሮ ይጨምራል። ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለው ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን የሚጠብቀው በ25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ግማሽ ሜትር የሚረዝም ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል ጫና ያሳረፈ ሰው 150 ኒውተን ሜትር ገደማ ያሳርፍበታል። ይህ ከሚጠብቅበት ስድስት እጥፍ ነው፤ ብሎኑ መቆረጡ አይቀርም።

ልምድ ያለው መካኒክ መጀመሪያ በጥቂቱ ያጠብቀዋል። ዝገቱ ሲሰነጠቅ ትንሽ ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል፣ እንደገና ይፈታል። ሶኬቱንም ባለ ስድስት ማዕዘን ያደርገዋል፤ ባለ 12ቱ የዳዶውን ጫፍ ጫፍ ብቻ ስለሚይዝ የዛገውን ጠርዝ ይላጨዋል።

በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ተኝቶ ረጅም ቁልፍ መጎተት ደግሞ በሕይወት መቀለድ ነው። ጉተታው መኪናውን ከክሪኩ ላይ ሊያንሸራትተው ይችላል። መኪናው በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ መቀመጥ፣ መሬት የነኩት ጎማዎችም ታኮ ሊደረግባቸው ይገባል።

ተረት 2፦ «ደብሊው ዲ 40 ነፋ አድርግና ወዲያው ፍታ»

ይህ ፈሳሽ በ1953 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሳንዲያጎ የተቀመመው ውሃን ከብረት ላይ አባርሮ የሚሳይል አካልን ከዝገት እንዲጠብቅ ነው። ቀለል ላለ ዝገት ይረዳል። ለከረረው ግን ወደ ጥርስ ውስጥ ሰርጎ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ ዘይት ይሻላል። የቱም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ከዳዶው የወጣው የብሎን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ ከዚያ ዘይቱ ይረጫል፣ ዳዶው በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል፣ በየመሃሉ ይደገማል። ከባድ ዝገት የሚጠብቀው ሰው ማታ ረጭቶ ጠዋት ቢመለስ ያተርፋል።

ኮካ ኮላስ? ውስጡ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ ዝገትን በእርግጥ ያሟሟል፤ ነገር ግን መጠኑ ትንሽ፣ ሥራውም ዘገምተኛ ነው። በጠበበው ጥርስ ውስጥ እንደ ዘይት አይሰርግም፤ ትቶት የሚሄደውም የሚጣበቅ ስኳር ነው።

ተረት 3፦ «እሳት የማይፈታው የለም»

እሳት በርግጥ ይሠራል። ባለ 12 ሚሊሜትር ዳዶ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ቀዳዳው በ0.04 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ትንሽ ቢመስልም ዝገቱን ለመሰንጠቅ ይበቃል። መሞቅ ያለበትም በተቻለ መጠን ዳዶው ብቻ ነው፤ ብሎኑ እኩል ከጋለ ጥቅሙ ይቀንሳል።

አደጋው ያለው በዙሪያው ነው። ከመኪና ሥር የነዳጅ መስመር፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የላስቲክ ቡሽና ጋዝ የታመቀበት ሾክ አብዞርበር ተጠጋግተው ይገኛሉ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ እሳት ሲነካው ፎስጂን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። የጋለ ብሎን ጥንካሬውን ሊያጣ ስለሚችልም በአዲስ መተካት አለበት።

ተረት 4፦ «ባዶውን የሚዞር ዳዶ በፍጥነት ቢሽከረከር ይወጣል»

አልፈታ ማለትና ባዶ መዞር ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የስታብላይዘር ሊንክን እንመልከት። ጫፉ ላይ ያለው ብሎን ኳስ ላይ የተተከለ ነው፤ ዳዶው ሲዛግበት ኳሱ ከዳዶው ጋር አብሮ ይዞራል። በዚህ ጊዜ የአየር መፍቻ ቢይዙበት ኳሱን ከማሽከርከር ሌላ ፋይዳ የለውም። መካኒኩ የብሎኑን አፍ በብሩሽ ሲጠርገው አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር የሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ብቅ ይላል። በአንድ እጁ በዚያ ጉድጓድ ብሎኑን አንቆ ይይዛል፣ በሌላው ዳዶውን በተራ ቁልፍ ይፈታል። ጉድጓዱ በዝገት ከተበላና ሊንኩ የሚጣል ከሆነ ዳዶውን በግራይንደር መቁረጥ ጊዜ ይቆጥባል፤ መነጽር ግን ግድ ነው።

ከባዱ ጣጣ ሻንሲ ውስጥ የተበየደ ዳዶ ብየዳው ሲለቅ ነው። በእጅ የሚያዝበት ቦታ የለም። ከብሎኑ ራስ ሥር መፈልቀቂያ ብረት አስገብቶ ወደ ውጭ እየገፉ ቀስ ብሎ መፍታት አንዳንዴ ይሳካል፤ ዳዶው በውጥረቱ ይያዛልና። ካልሆነ የብሎኑ ራስ ይቆረጣል፣ አዲስ ዳዶም ይበየዳል።

ተረት 5፦ «ሁሉም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል»

አብዛኛው፣ አዎ፤ ያውም ራሱን ፊት ለፊት እያዩ ነው። ከበስተጀርባው እጁን አሾልኮ የሚሠራ ሰው አቅጣጫው ይገለበጥበታል። በጃፓን ደረጃ በተሠሩ የቆዩ የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ደግሞ የግራ ጎማ ዳዶዎች የሚፈቱት ወደ ቀኝ ነው። ይህን ሳያውቅ ቧንቧ የቀጠለ ሰው እየፈታሁ ነው ሲል እያጠበቀ ይቆርጠዋል።

ተረት 6፦ «የወጣው ታጥቦ ይመለሳል»

የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ አንዴ ከተፈታ የመቆለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ እሳት ከነካው ጨርሶ ያልቃል። ዝገት መከላከያ ቅባትም በዘፈቀደ አይቀባም። ሰበቃውን ስለሚቀንስ በተለመደው ልክ የተጠበቀ ብሎን ከሚገባው በላይ ይወጠራል። የላስቲክ ቡሽ ያለባቸው ብሎኖች የመጨረሻ ጥበቃ መደረግ ያለበት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው፤ ተንጠልጥሎ የተጠበቀ ቡሽ ሁልጊዜ እንደተጠማዘዘ ስለሚሠራ ቶሎ ይቀደዳል።

መኪናቸውን ለእግር ሥራ ወደ ጋራዥ የሚወስዱ ባለንብረቶች ከሚቀየረው ዕቃ ጋር አዲስ ብሎንና ዳዶ ይግዙ፤ ዘይቱ የሚሰርግበትንም ሰዓት ለመካኒኩ ይፍቀዱለት።