በቤት ተቀጥሮ መሥራት ወይስ በቤት መነገድ? የባና ፈታይዋ ስሌት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፦ በቤቱ ሆኖ መሥራት የሚሻ ሰው የሌላውን ሥራ በክፍያ ይሥራ ወይስ የራሱን ንግድ ያቋቁም? ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚከናወኑ እንደ አንድ ሲቆጠሩ እንሰማለን። ዋናው ልዩነታቸው ግን ኪሳራ ሲመጣ በማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው።

ምሳሌዬን የምወስደው ከመንዝ ደጋ ነው። በዚህ ብርዳም አገር የመንዝ በግ ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለጠጉሩም ይፈለጋል። በልማድ ሴቶች ጠጉሩን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ፈትሉን ባና አድርጎ ይሠራዋል።

አንዲት ፈታይ ሁለት መንገድ ቀረበላት እንበል። በአንደኛው ነጋዴው ጠጉር አምጥቶ ይሰጣትና በፈተለችው ልክ ይከፍላታል፤ ባናው ባይሸጥም የጉልበቷ ዋጋ አይቀርባትም። በሁለተኛው ጠጉሩን ራሷ ገዝታ፣ ፈትላ፣ ለሸማኔ ከፍላ አሠርታ ባናውን ገበያ ታወጣለች።

ለስሌት እንዲመቸን ግምታዊ ቁጥሮችን እንውሰድ። ጠጉሩ 500፣ የሸማኔው ዋጋ 400፣ የመጓጓዣና የገበያ ወጪው 100 ብር ይሁን። ባናው 2,000 ብር ቢሸጥ 1,000 ብር ይተርፋል። ፈትሉ 20 ቀን ከወሰደባት የቀኑ ድርሻ 50 ብር ነው። ነጋዴው በቀን 60 ብር የሚያስገኝ ክፍያ ካቀረበላት «አተረፍሁ» ያለችው ገንዘብ የገዛ ጉልበቷን አርክሳ የሸጠችበት ነው። የባናው ዋጋ በ400 ብር ቢጨምር የቀን ድርሻዋ 70 ብር ይደርሳል፤ በዚያው መጠን ቢወርድ ግን 30 ብር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ንግዱ የሚያዋጣው የዋጋውን መውረድ የምትችልበት ጥሪት ሲኖራትና ገዥዋን ራሷ ስታውቅ ነው።

ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ መንገድ አለ። ነጋዴው ጠጉሩን በዱቤ «ይሸጥላታል»፤ ፈትሉንም እርሱ በወሰነው ዋጋ መልሶ ይገዛል። በስም ነጋዴ ናት፤ ጠጉሩ ቢበላሽ ዕዳው የእርሷ ነው። ዋጋ የመወሰን ነጻነት ግን የላትም። የነጋዴን ኪሳራ ከተቀጣሪ ገቢ ጋር አጣምራ ትሸከማለች።

የአገራችን ሕግ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ጥሬ ዕቃ ሸጦ ምርቱን መልሶ የሚገዛበትን ስምምነት በቤት የሚሠራ ሥራ ውል አድርጎ ይቆጥረዋል። አሠሪው የሰጠውን ዕቃ ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ፣ የርክክቡን ጊዜና የክፍያውን ሁኔታ በመዝገብ እንዲይዝም ያስገድዳል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ሥራ ስምምነት ቁጥር 177ን ያወጣው በቤት የሚሠሩ ሰዎች ከሌሎች ደመወዝተኞች ጋር እኩል እንዲታዩ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጥሪት የሌላት ፈታይ በክፍያ ትጀምር፤ የተረከበችውንና ያስረከበችውን በጽሑፍ ትያዝ። ጥቂት ስታጠራቅም ከጊዜዋ ከፍላ አንድ ባና በራሷ ጠጉር ታሠራ፤ የቀን ድርሻዋ ከነጋዴው ክፍያ ደጋግሞ ሲበልጥ ወደ ንግዱ ታዘንብል። በዱቤ ገዝቶ ለዚያው ሰው መልሶ መሸጥን ግን ንግድ ብላ አትቀበል። ለጥናት ወደ ገጠር የምትወጡ ተማሪዎችም በቤቷ የምትሠራን ሴት «ነጋዴ» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ዋጋውን ማን እንደሚወስን ጠይቁ።