ከወታደሮቹ መካከል እናትስ የታለች?

በልደታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደረጃ ላይ ሁለት ወንድማማቾች አረንጓዴ የላስቲክ ወታደሮችን አሰልፈው ሲያዋጉ አገኘኋቸው። «እነዚህ የየት አገር ናቸው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ታላቅየው «የፊልም» አለኝ። ታናሽ እህታቸው አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። «አንቺስ አትጫወቺም?» አልኳት። «ሴት ወታደር የለችም አሉኝ» ስትል መለሰችልኝ።

ውድ እናቶች፣ ይህ መልስ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጅ ታሪክን ከመጽሐፍ በፊት የሚማረው በእጁ ከሚይዘው መጫወቻ ነው።

የአሻንጉሊት ወታደር ረጅም ዕድሜ አለው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ ባለሙያዎች ከቆርቆሮ ማዕድን ይሠሩት ነበር። በ1893 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብሪቴንስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደር ማምረት ጀመረ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን ይኸው ድርጅት የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛና የኢትዮጵያ ተዋጊዎችን ምስል ሠርቶ ሸጧል። ዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል።

ታዲያ ከታሪካችን ማን ቢቀረጽ ደስ ይለናል? ነጋሪት መቺው፣ ጎፈር ያጠለቀው ፈረሰኛ፣ ከመድፉ አጠገብ የቆመው ባልቻ ሳፎ መቅረት የለባቸውም። ከእነርሱ ጎን ግን እቴጌ ጣይቱ ይቁሙ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣሊያ ጦር የውሃ ምንጩ ተይዞበት በጥም እጁን የሰጠው በእቴጌይቱ ምክር እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። የካቲት 23 ቀን በአድዋም ሴቶች በገንቦ ውሃ እያቀረቡ ቁስለኛውን ሲረዱ ውለዋል። በሶና ድርቆሽ አዘጋጅቶ፣ ወፍጮ ይዞ ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው የሴቶች ጉልበት ባይኖር ያ ሁሉ ሕዝብ ምን በልቶ ይዋጋ ነበር?

ወይዘሮ ከበደች ሥዩምም አሉ። ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ሲገደሉ፣ እርሳቸው አራስ ሆነው አርበኞችን መርተው ተዋግተዋል።

እነዚህን ለማግኘት ሱቅ መዞር አያስፈልግም። ቀይ አፈር ከጠጠር አጥርተው በውሃ ያሹ፤ የተሠራው ምስል እንዳይሰነጠቅ በጥላ ይድረቅ። የለስላሳ ቆርኪ ጋሻ ይሆናል፤ ስንደዶ ጦር ይሆናል፤ ጥቂት የበግ ፀጉር ለጎፈር ይበቃል። ጥቃቅኑን ነገር ሁሉ አፉ ከሚከት ሕፃን ያርቁ። የእርሳስ ማዕድን መርዛማ ስለሆነ አሮጌ የእርሳስ ወታደር ካለዎት ለልጅ አይስጡ።

በማግሥቱ ወደዚያው ደረጃ ተመለስኩ። ትንሿ ልጅ ከእናቷ ጋር ገንቦ ያዘለች ሴት ሠርታለች። ወንድሟ ምስሏን አንስቶ ከሰልፉ ኋላ ቢያቆማት፣ ልጅቷ መልሳ ወደ መሐል አስገባቻት። «ውሃው ካልደረሰ አይዋጉም» አለችው። እርሱም ጥቂት አሰበና ለገንቦዋ ቦታ ለቀቀ።