ያልተቆጠረው «ዴስፓሲቶ»

በ2009 ክረምት፣ ታላላቆቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚሏት ጭሮ፣ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ቋንቋውን ሳያውቅ አዝማቹን አብሮ ያንጎራጉር ነበር። ዘፈኑ የፖርቶ ሪኮዎቹ የሉዊስ ፎንሲና የዳዲ ያንኪ «ዴስፓሲቶ» ነው። መወደዱ አልገረመኝም፤ የገረመኝ የመጣበት መንገድ ነው። ዓለም ይህን ዘፈን ያነገሠው በኢንተርኔት ቆጥሮ ነው። የእኛ ኢንተርኔት ደግሞ ያኔ አንድ ቪዲዮ ለመክፈት ሻይ ጠጥቶ የሚያስጨርስ ነበር።

ዘፈኑ ጥር ላይ ወጥቶ ላቲን አሜሪካን ወዲያው ያዘ። አሜሪካ ላይ ግን መሀል ሰፈር ቀረ። ጀስቲን ቢበር ለኮንሰርት ኮሎምቢያ ሄዶ ጭፈራ ቤት ውስጥ ሕዝቡ ለዘፈኑ ሲያብድ ባያይ ኖሮ ምናልባት እዚያው ይቀር ነበር። ቢበር ካልዘፈንኩበት አለ። የእሱ ድምፅ የገባበት ቅጂ ሚያዝያ 9 ሲለቀቅ ዘፈኑ በአሜሪካው የዘፈኖች ሰንጠረዥ በቢልቦርድ ሆት 100 ከ48ኛ ወደ 9ኛ ተስፈነጠረ። በግንቦት 19ኙ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ 16 ሳምንትም ቦታውን አላስነካም። ከ1988ቱ «ማካሬና» ወዲህ በስፓኒሽ ተዘፍኖ እዚያ የደረሰ አልነበረም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በዩቲዩብ 3 ቢሊዮን ጊዜ በመታየት የመጀመሪያው ቪዲዮ ሆነ።

አንደኛ በወጣበት ሰሞን ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ጭራሹን ጠፋ። በ2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ ስለነበር፣ መንግሥት የ2009ኙ ፈተና እስኪያልቅ መስመሩን ዘጋው። ታዲያ ባጃጆቹ ከየት አገኙት?

መልሱ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ጠባብ ሞባይል ቤት ተገኘ። ልጁ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞረ ስፒከርና ጅራቷ በፕላስተር የተጠቀለለ ካርድ ሪደር አለው። ደንበኛው ከስልኩ ሚሞሪውን ነቅሎ ይሰጠዋል፤ እሱ ሰክቶ ፎልደሮቹን ይከፍታል። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሱማሌ፣ መንዙማ፣ መጨረሻ ላይ ፈረንጅ። «ዴስፓሲቶ» ፈረንጅ ውስጥ ነበር፣ ያውም ሁለት ቦታ።

«አቦ፣ ቢበር ያለበትን ነው ኦሪጅናሉን?» አለኝ።

ሁለቱንም አስጫንኩና ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ድሬዳዋ ያለ ጓደኛው አዲስ ዘፈን በሃርድ ዲስክ ሞልቶ በሚኒባስ ይልክለታል። ከእሱ ደግሞ የበዴሳና የገለምሶ ሱቆች ይገለብጣሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይከተለዋል? ጫት የሚጭኑት ልጆች አይሱዙው እስኪሞላ ዜንደር በተባለው የስልክ መተግበሪያ ይቀባበሉታል፤ ለዚያ ሲም ካርድም ሳንቲምም አያስፈልግም።

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሚሞሪ ላይ ያለ ዘፈን መቶ ጊዜ ቢደመጥ ዩቲዩብ አንድም አይመዘግብም። ሆት 100 ደግሞ የሚደምረው አሜሪካ ውስጥ የተሸጠውን፣ በሬዲዮ የተላለፈውንና በኢንተርኔት የተደመጠውን ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ የምዕራብ ሐረርጌ ጭፈራ በዘፈኑ ስኬት ላይ የጨመረው ቁጥር የለም።

ይህ የባዕድ ዘፈን ዕጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ሰሞን የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ እዚህ ያለ ሰው እኛ ነን ያወጣነው ብሎ ጮቤ ረግጧል። ስሙ የዓለም ይባል እንጂ ያም ሰንጠረዥ የሚቆጥረው የአሜሪካን ሽያጭ ነው። አንደኛ ያደረጉት በዋናነት እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። ጭሮ ላይ ሲዲ የገዛም ሆነ በሚሞሪ ያስጫነ ከሒሳቡ ውጭ ነበር።

የሞባይል ቤቱ ልጅ ይህን ስነግረው ብዙም አልከነከነውም። የራሱ ሰንጠረዥ አለው፤ በብዛት የሚጠየቁትን ዘፈኖች ፈልጎ እንዳይደክም ዴስክቶፑ ላይ ደርድሯቸዋል። «ዴስፓሲቶ» ሦስተኛ ነበር። ሁለተኛው የሠርግ ሸጎዬ ነው። አንደኛው በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር መዝፈን የጀመረው አሊ ቢራ።

«እሱ መቼ ነው የሚወርደው?» አልኩት።

«አሊ? አሊን ማን ያወርደዋል አቦ! ሚሞሪህን እንካ።»