በጥንቱ ወደብ ላይ የተሠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ

ከቱርክ አገር ልብስና ጨርቃ ጨርቅ የሚያስመጡ ነጋዴዎቻችን ኢስታንቡል ሲደርሱ ላሌሊ ወደሚባለው የጅምላ ንግድ ሠፈር ማምራታቸው የታወቀ ነው። ከዚሁ ሠፈር ብዙ ሳይርቅ፣ በማርማራ ባሕር አጠገብ፣ የኒካፒ የተባለ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ከከተማይቱ መሥመሮች ውስጥ ኤም 1 እና ኤም 2 የሚባሉት መጨረሻቸው ይኸው ጣቢያ ነው፤ ከቦስፎር ባሕር ሥር አልፎ አውሮፓን ከእስያ የሚያገናኘው የማርማራይ ባቡርም በዚሁ ያልፋል። ጣቢያው ለመንገደኛ ደረጃና ግንብ ብቻ መስሎ ቢታይም ለነጋዴ ሊያስብበት የሚገባ ታሪክ አለው።

በ2004 እ.ኤ.አ. የጥንት ታሪክ መርማሪዎች ለጣቢያው የተመደበውን መሬት መቆፈር ሲጀምሩ ከሥሩ የቴዎዶስዮስ ወደብ ተገኘ። በቁፋሮውም ከ5ኛው እስከ 11ኛው ምዕት ዓመት ድረስ የነበሩ 37 መርከቦች ወጡ። ከነዚህም አንዷ በ9ኛው ምዕት ዓመት ገደማ የሰጠመች ትንሽ የንግድ መርከብ ስትሆን፣ ጭነቷ የነበሩት ባለ ሁለት ጆሮ እንስራዎች እንደተደረደሩ ተገኝተዋል። በኋለኛው ክፍሏም የባለቤቷ ምድጃ፣ ማብሰያ ሸክላና የቼሪ ፍሬ የያዘ ቅርጫት ነበር። ያ ሰው ትርፉን ሳያይ ስንቁንም ሳይጨርስ ንብረቱን ባሕር በላበት።

ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ለማውጣት ጊዜ አስፈለገ። በ2009 ይከፈታል የተባለው የማርማራይ መሥመር የተከፈተው በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለመዘግየቱ ዐቢይ ምክንያት የሆነውም ይኸው ቁፋሮ ነው። ኤም 2 በየካቲት፣ ኤም 1 ደግሞ በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. እስከ የኒካፒ ደረሱ።

ወደቡ ስለምን ጠፋ ብንል፣ ምክንያቱ ለንግድ ሰው የሚሰወር አይደለም። በ4ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ከተሠራ በኋላ ከግብፅ የሚመጣው እህል ይራገፍበት ነበር፤ በ7ኛው ምዕት ዓመት ግብፅ በዐረቦች እጅ ስትገባ ያ ጭነት ተቋረጠ። ሊቆስ የተባለው ወንዝም ደለሉን እያመጣ አጠበበው። ትናንሽ መርከቦች ለጊዜው ቢመላለሱበትም በመጨረሻ ተደፍኖ የአትክልት ቦታ ሆነ።

ሆኖም መንገድ ሲከፈት ንግድ ይመለሳል። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ከቻይናዋ ሺያን ተነሥቶ ወደ ፕራግ የሚጓዝ የጭነት ባቡር በማርማራይ ዋሻ አለፈ፤ ሸቀጥም ከብዙ ምዕት ዓመታት በኋላ በጥንቱ ወደብ በኩል ተላለፈ።

እንግዲህ አስመጪና ላኪ ወንድሞቻችን ከዚህ ሁለት ነገር ቢይዙ መልካም ነው፤ ይኸውም በአንድ አገር ጭነት ብቻ አለመተማመንና ደለሉ ሳይከመር አስቀድሞ መጥረግ ነው።