ሰማዩ ሲዘጋ፦ ጦርነት ባለበት አካባቢ መንገደኛ አውሮፕላን እንዴት ይጠበቃል?



አዘዞ ለሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ብርቅ አይደለም። የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው እዚያው ነው። ዓርብ ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም ሌሊት ግን የተሰማው ሌላ ድምፅ ነበር። ከትግራይ የተተኮሰ ሮኬት በማረፊያው ላይ ጉዳት አደረሰ፤ ሌላ ሮኬት ደግሞ ባሕር ዳር ማረፊያ አጠገብ ወደቀ። ህወሓት በማግሥቱ ጥቃቱን መፈጸሙን አምኖ የመታሁት የማረፊያዎቹን ወታደራዊ ክፍል ነው አለ። ነገር ግን ሐጅ ተጓዡም፣ ታማሚውም፣ ነጋዴውም የሚነሡት ከዚያው ሜዳ ነው።

አደጋው በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው እንደ አዘዞው ማረፊያው ራሱ ሲመታ ነው። ሁለተኛው አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ፣ ማለትም ዝቅ ብሎ በሚበርበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ተራ የጦር መሣሪያና በትከሻ የሚተኮስ ሚሳይል ሊደርስበት ይችላል። ሦስተኛው በራዳር የሚመራ ትልቅ ሚሳይል ነው፤ ይህ ከፍ ብሎ የሚበረውንም ያገኛል።

መከላከያው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ መንግሥት ሰማዩን የመዝጋት ሥልጣን አለው። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን «ኖታም» የሚባል ማስታወቂያ ያወጣል፤ የትኛው ክልል፣ ከየትኛው ከፍታ እስከ የትኛው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተዘጋ ይገልጻል። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ያነበዋል። በ2013ቱ ጦርነት የሰሜን ኢትዮጵያ ሰማይ በዚህ መንገድ ተዘግቶ ከሳምንታት በኋላ ተከፈተ።

ሰማይን በግማሽ መዝጋት ግን አይበቃም። በሐምሌ 10 ቀን 2006 ዓ.ም፣ በረመዳን ወር፣ ከአምስተርዳም ወደ ኳላ ላምፑር ሲበር የነበረው የማሌዥያ አውሮፕላን በምሥራቅ ዩክሬን በሚሳይል ተመትቶ 298 ሰዎች አለቁ። ዩክሬን ዘግታ የነበረው እስከ 32,000 ጫማ ድረስ ነበር፤ አውሮፕላኑ የበረረው በ33,000 ጫማ ነው። ልዩነቱ 300 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ነው። በሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ያም በረመዳን፣ የኮቪድ መከላከያ ቁሳቁስ የጫነ ትንሽ አውሮፕላን በርደሌ አጠገብ ተመትቶ 6 ሰዎች ሞቱ። የመቱት የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ። ስለ በረራው ቀድሞ መረጃ ስላልደረሳቸው የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት መስሏቸው እንደተኮሱ መከላከያ ሠራዊቱ አመነ። በሲቪል ተቆጣጣሪውና በጦሩ መካከል አንድ የስልክ ጥሪ ቢኖር ኖሮ፣ ያ አውሮፕላን በሰላም ባረፈ ነበር።

እኛ ሙስሊሞች ይህን በሁለት ነገር እናውቀዋለን። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓችን ዋና ዓላማዎች አንዱ ነው። በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ ወሬ ሲደርሰን፣ ሳናጣራ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ታዘናል። ጣቱን ቃታ ላይ ላደረገ ሰው ይህ ትእዛዝ ከማንም ይበልጥ ይመለከተዋል።

ሰማይ መዝጋትም ዋጋ ያስከፍላል። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጎንደር የሚያደርገውን በረራ ለቀናት አቋርጦ ነበር። የየብስ መንገዱ በሚያስፈራበት ሰዓት አውሮፕላን መቅረቱ፣ አዲስ አበባ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው ትልቅ ፈተና ነው። ስለዚህ መዘጋት ሲኖርበት ሳይዘገይ መዘጋት፣ አደጋው ሲያልፍም ሳይዘገይ መከፈት አለበት።

እኛስ ምን እናድርግ? ወደ ማረፊያው ከመሄዳችን በፊት በረራው መኖሩን እናረጋግጥ። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የምንጓዝ ከሆነ ከጎንደር በረራና ከአዲስ አበባው ጉዞ መካከል ጥቂት ቀናት እንተው። በረራ ሲሰረዝ ሠራተኛው ላይ አንቆጣ፤ የዘገየ ሰው ይደርሳል። ግመልን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካት ነቢያችን ﷺ ያስተማሩን መንገድ ነው።

አላህ ለሀገራችን ሰላም ያውርድልን፤ መንገደኛውን ሁሉ ለቤቱ ያብቃ። አሚን።